የትሮፖኒን ቁጥር ያለ ሰዓቱ አይነበብም

በሦስት ሰዎች የላቦራቶሪ ውጤት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰፍሯል እንበል፤ ትሮፖኒን፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን፣ 60 ናኖግራም በሊትር። የመጀመሪያው ሰው ደረቱን ማፈን ከጀመረው ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሁለተኛዋ ከዘጠኝ ቀን በፊት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቃት አድሮ የተዋት ሕመም ነበረባት፤ ዛሬ የመጣችው ድካሙ አልለቅ ስላላት ነው። ሦስተኛው ደረቱን አሞት አያውቅም፤ ኩላሊቱ ከደከመ ግን ዓመታት ተቆጥረዋል። የመጀመሪያው ሰው የልብ ጡንቻ አሁን በዚህች ደቂቃ እየሞተ ሊሆን ይችላል። የሁለተኛዋ ሞቶ ጠባሳ በመሥራት ላይ ነው። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት ቢለካም ከዚህ እምብዛም የራቀ ቁጥር አይወጣለትም ነበር።

ጉዳዩ ዛሬ ከላቦራቶሪና ከድንገተኛ ክፍል ወጥቶ የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኗል። በየቦታው ሕመምተኞች ሐኪማቸው ሳያየው ውጤታቸውን በስልካቸው ያነባሉ፤ ከቁጥሩ ጎን ቀይ ምልክት ካለ ይደነግጣሉ፣ ከሌለ እፎይ ይላሉ። ሁለቱም ስሜቶች ሊያሳስቱ ይችላሉ። ከሃርት አታክ በኋላ በደም ውስጥ የሚታዩት ምልክቶች በየሰዓቱ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም ይህን መውጣትና መውረድ ነው። ውጤቱ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም።

ጡንቻው ሲሞት ምን ይፈሳል?

የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኘው በራሱ ገጽ ላይ ተዘርግተው በሚሄዱ ጠባብ ቧንቧዎች ነው። በአንደኛው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ጡንቻው ግን ወዲያው አይሞትም። በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ደሙ ቢመለስለት ማገገም ይችላል። ከዚያ ወዲያ ሞቱ ከልብ የውስጠኛው ግድግዳ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ውጭኛው ገጽ ይሰፋል። የሞተው ሴል ሽፋኑ ይቀደድና በውስጡ የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይገባል።

የቱ ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሞለኪውሉ መጠንና በሴሉ ውስጥ የነበረበት ቦታ። በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው ፕሮቲን፣ ማዮግሎቢን፣ ትንሽ ነው፣ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥም እንደልቡ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ በአንድና በሦስት ሰዓት መካከል ደም ውስጥ ይታያል። ትሮፖኒን የተለየ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት የልብ ጡንቻ እንዲኮማተርና እንዲላላ የሚቆጣጠሩ ሦስት ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ሲ፣ አይ እና ቲ በሚሉ ፊደላት ይለያሉ። ትሮፖኒን ሲ በሌላው የሰውነት ጡንቻም በዚያው መልኩ ስለሚገኝ ለምርመራ አይረባም። አይ እና ቲ ግን በልብ ውስጥ ያላቸው ቅርጽ የልብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው ትሮፖኒን ከሚኮማተሩት ክሮች ጋር ተጣብቆ የሚኖር ሲሆን፣ ተፈትቶ የሚንሳፈፈው ከመቶ አሥር እጅ አይሞላም።

ቤት ሲፈርስ አቧራው ወዲያው ይወጣል፤ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ድንጋይ ግን ለቀናት ሲለቀም ይቆያል። ትሮፖኒንም እንደዚሁ ሁለት ጊዜ ይፈሳል። መጀመሪያ ተፈትቶ ይንሳፈፍ የነበረው በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ከዚያ ከክሮቹ ጋር ተጣብቆ የነበረው፣ ክሮቹ በፈራረሱ ቁጥር በቀናት ውስጥ እየተላቀቀ ይከተላል።

አንድ የማይገጥም የሚመስል ነገርም በዚህ ይፈታል። ደም ውስጥ የገባ ትሮፖኒን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ፈስሶ ቢያበቃ ኖሮ በማግስቱ ፈልገን ባጣነው ነበር። ሆኖም ትሮፖኒን አይ ከሰባት እስከ አሥር ቀን፣ ትሮፖኒን ቲ ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ከፍ ብሎ ይቆያል። በሰባተኛው ቀን የሚለካው ትሮፖኒን የመጀመሪያው ቀን ትራፊ አይደለም፤ የሞተው ሥጋ ገና እየፈረሰ ስለሆነ በዚያው ዕለት የወጣ ነው። ብዙ ሕመምተኞች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ተለክተው “አሁንም ከፍተኛ ነው” ሲባሉ ሌላ ሃርት አታክ የያዛቸው ይመስላቸዋል። ቁጥሩ ከቀደመው ያነሰ እስከሆነ ድረስ የሚያሳየው የአሮጌውን ጉዳት ማገባደጃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የቀድሞዎቹ የትሮፖኒን መለኪያዎች መውጣቱን የሚያዩት ሕመሙ ከጀመረ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ነበር። ዛሬ ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙባቸው ከፍተኛ ትብነት ያላቸው መለኪያዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያዩታል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እነዚህ መለኪያዎች በጣም ጥቂት መጠን ስለሚያነቡ ከጤነኞች መካከል በግማሹና ከዚያ በላይ በሆኑት ሰዎች ደም ውስጥ እንኳ ትሮፖኒን ያገኛሉ። ትሮፖኒን ተገኘ ማለት ብቻውን ትርጉም ያጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥያቄው ምን ያህል ነው፣ ወዴትስ እየሄደ ነው የሚለው ሆነ።

ለ“ምን ያህል ነው” የተሰጠው መልስ 99ኛው መቶኛ ይባላል፤ ከመቶ ጤነኛ ሰዎች ዘጠና ዘጠኙ ከዚህ በታች የሚሆኑበት ጣሪያ ነው። በሰፊው በሚሠራበት የከፍተኛ ትብነት ትሮፖኒን ቲ መለኪያ ጣሪያው 14 ናኖግራም በሊትር ነው። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ሲታዩ ለወንዶች ወደ 16 ከፍ ይላል፣ ለሴቶች ወደ 9 ይወርዳል። በእኔ ግምት ይህ የጾታ ልዩነት የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ትሮፖኒኗ 12 የሆነ ሴት በአንዱ ጣሪያ ጤነኛ፣ በሌላው ጣሪያ ከልክ ያለፈ ትሆናለች።

“ወዴት እየሄደ ነው” ለሚለው መልስ የሚገኘው ሁለት ጊዜ በመለካት ብቻ ነው። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር የሚመክረው አካሄድ ሕመምተኛው እንደደረሰ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ መለካት ነው። ከላይ በጠቀስነው የትሮፖኒን ቲ መለኪያ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ከ12 በታች ከሆነና በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳየው ለውጥ 3 ካልሞላ፣ ሃርት አታክ የመሆኑ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 52 ከሆነ ወይም ካለፈ፣ አለዚያም በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 እና ከዚያ በላይ ከተለወጠ፣ ሕመምተኛው እንደ ሃርት አታክ ተይዞ ሕክምናው ይቀጥላል። በመካከል የሚቀሩት በክትትል ይቆዩና በሦስተኛው ሰዓት ላይ እንደገና ይለካሉ። “ሃርት አታክ ነው” ከሚባሉት ውስጥም ሁሉም ሃርት አታክ ሆነው አይገኙም፤ ሩብ ያህሉ የልብ ጡንቻ መቆጣት ወይም ሌላ የልብ ችግር ያለባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር አለ። ደረቱን ባመመው በ40 ደቂቃ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ያደረገው ትክክለኛውን ነገር ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ትሮፖኒኑ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሴሉ ገና አልፈሰሰም። ስለዚህ በአንዲት ልኬት ብቻ ሰውን ወደ ቤት ለመሸኘት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ቁጥሩ በጣም ዝቅተኛ መሆኑ፣ በዚህ መለኪያ ከ5 በታች፣ እንዲሁም ሕመሙ ከጀመረ ከሦስት ሰዓት በላይ መሆኑ። ከሦስት ሰዓት በፊት የመጣ ሰው የቱንም ያህል ንጹሕ ቁጥር ቢያገኝ ሁለተኛውን ልኬት መጠበቅ አለበት። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ በትክክል የሚናገር ሕመምተኛ ለሐኪሙ የሚሰጠው መረጃ ከማሽኑ መረጃ አያንስም። “ጠዋት አካባቢ” ከሚል መልስ “ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው፣ ሰዓቱ ይህን ያህል ነበር” የሚለው የተሻለ ያስኬዳል።

በተቃራኒው ጫፍም ሌላ ማደናቀፊያ አለ፤ ስለዚህኛው ብዙም ሲወራ አይሰማም። ትሮፖኒን ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ጫፉ አካባቢ መስመሩ ይተኛል። ሕመሙን ችሎ አድሮ በማግስቱ የመጣ ሰው በአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢለካ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ሊሆኑ ይችላሉ። የወጣም የወረደም ነገር የለም ብሎ መደምደም እዚህ ላይ ስሕተት ነው፤ መውረዱ የሚታየው በሰዓታት ሳይሆን በቀን ልዩነት ሲለካ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ኢሲጂውን፣ የሚቀድም አይደለም። ሕመምተኛው በደረሰ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሚነሳው ኢሲጂ ላይ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ግልጽ ከሆነ ትሮፖኒን አይጠበቅም፤ ሕመምተኛው በቀጥታ ቧንቧው ወደሚከፈትበት ክፍል ይገባል። የደም ውጤቱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ቢሆንም ግድ የለም።

ቧንቧው ሲከፈት ቁጥሩ የሚተኮሰው ለምንድን ነው?

ቤተሰብን ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሕመምተኛው ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የተባለ ትንሽ ቱቦ ተደረገለት፣ ሕመሙም ተወው፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ትሮፖኒኑ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ሆነ። ሕክምናው ልቡን የጎዳው ይመስላል። እውነታው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ከሞቱት ሴሎች የወጣው ነገር የሚያጥበው ደም አጥቶ እዚያው ተከማችቶ ነበር። ደሙ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ቧንቧው ቶሎ በተከፈተ ሰው ላይ መስመሩ ፈጥኖ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቶሎም መውረድ ይጀምራል። ተዘግቶ በቀረበት ሰው ላይ አወጣጡ የዘገየ፣ አወራረዱም የተጎተተ ነው። የረጋ ደም በሚያሟሙ መድኃኒቶች ብቻ ይታከም በነበረበት ዘመን ሐኪሞች በደም ውስጥ ይለካ የነበረው የልብ ኢንዛይም ጫፍ ቀድሞ መምጣቱን ቧንቧው ለመከፈቱ እንደ ምልክት ያዩት ነበር።

የትሮፖኒን ጫፍ የጉዳቱን ስፋት ይናገራል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫፉ በጠረጋው ፍጥነት ይዛባል፤ በዚያ ላይ ደም የሚቀዳው በየስንት ሰዓቱ እንደሆነ ይወስነዋል፣ እውነተኛው ጫፍ በሁለት ልኬቶች መካከል ሊያመልጥ ይችላል። የጠረጋው ማዕበል ካለፈ በኋላ፣ ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወሰደ አንድ ልኬት ከሞተው ጡንቻ ስፋት ጋር ጥሩ ይዛመዳል። ያም ሆኖ ልቡ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ የፈለገ ሰው አልትራሳውንዱን ይጠይቅ፤ ቁጥር ከመቁጠር ልብ እንዴት እንደሚመታ ማየት ይሻላል።

የቀደሙት ምልክቶች

ትሮፖኒን ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ዛሬ በአብዛኛው ታሪክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ላዱ፣ ፊሊክስ ሮብሌቭስኪና አርተር ካርመን ዛሬ ኤኤስቲ የሚባለው ኢንዛይም ከሃርት አታክ በኋላ በደም ውስጥ እንደሚጨምር አሳዩ። ያው ኢንዛይም ጉበት ሲታመምም ይጨምራል፤ ዛሬ የምናውቀው በጉበት ምርመራ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ኤልዲኤች የተባለ ሌላ ኢንዛይም ተከተለ። እሱ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሲሆን ከሳምንት በላይ ስለሚቆይ፣ ዘግይተው ለመጡ ሕመምተኞች ይፈለግ ነበር። ትሮፖኒን ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሆኖ ሲገኝ ኤልዲኤች ሥራ አጣ።

ሲኬ-ኤምቢ የተባለው የልብ ጡንቻ ኢንዛይም ግን ረዘም ላለ ጊዜ ነግሦ ነበር። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል። ጀርመናዊው ሁጎ ካቱስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሃይደልበርግ የትሮፖኒን ቲ መለኪያ ሠሩ፤ የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2000 ሃርት አታክን እንደ አዲስ ሲተረጉሙ ትሮፖኒንን ማዕከሉ ላይ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ ደግሞ ጉዳዩን ግልጽ አድርጎታል። ቢያንስ አንዱ ልኬት ከ99ኛው መቶኛ መብለጥ፣ ቁጥሩም መውጣት ወይም መውረድ አለበት፤ ከዚያ በተጨማሪ የልብ ጡንቻ ደም ማጣቱን የሚያሳይ ነገር፣ የሕመም ስሜት ወይም የኢሲጂ ወይም የምስል ማስረጃ፣ ሊኖር ይገባል። ቁጥር ብቻውን ምርመራ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ በግልጽ ሊጻፍ አይችልም።

ለሲኬ-ኤምቢ ጥብቅና የሚቆሙ አሁንም አሉ። ቶሎ ስለሚወርድ፣ በአምስተኛው ቀን ደረቱን እንደገና ላመመው ሰው አዲስ ጉዳት መኖሩን የሚለየው እሱ ነው ይላሉ። ክርክሩ ትሮፖኒን በግምት ይለካ በነበረበት ጊዜ ያስኬድ ነበር፤ አሁን ግን አሳማኝ አይመስለኝም። ትሮፖኒኑ እየወረደ ወይም ባለበት ጸንቶ የነበረ ሰው እንደገና ሲያመው ወዲያው ይለካል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላም ይደገማል፤ ቁጥሩ ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ አዲስ ጉዳት ደርሷል። የአሜሪካ የክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበርም ለሃርት አታክ ምርመራ ሲኬ-ኤምቢና ማዮግሎቢን ማዘዝ እንዲቀር እ.ኤ.አ. በ2015 መክሯል።

የጡንቻውን ሞት ሳይሆን የሰውነትን ምላሽ የሚያሳዩ ምልክቶችም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ልብ ሲጨነቅ የሚያመነጨው ቢኤንፒ በመጀመሪያው ቀን ይጨምራል፤ ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ በአምስተኛው ቀን ገደማ ሁለተኛ ጉብታ ሊያሳይ ይችላል። የብግነት ምልክት የሆነው ሲአርፒ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ኮሌስትሮል በቀጣዮቹ ቀናት ዝቅ ሊል ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን ቢለካ ይመረጣል። ስኳር በበኩሉ በጭንቀቱ ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ስኳር በሽታ ነው ብሎ ለመደምደም ሰውዬው ተረጋግቶ እንደገና መለካት አለበት።

የማይንቀሳቀስ መስመር

ትሮፖኒን ጉዳቱ የልብ መሆኑን ይናገራል እንጂ ልቡ ለምን እንደተጎዳ አይናገርም። ከባድ የደም መመረዝ፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም፣ የልብ ምት ከመጠን በላይ መፍጠን፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት፣ የቆየ የልብ ድካም፣ ሁሉም ያወጡታል። ማራቶን ሮጠው የጨረሱ ጤነኞችም ከጣሪያው በላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። በኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ከፍ ብሎ ጸንቶ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ዳያሊሲስ ለሚያደርግ ሰው ትልቁ ሀብት የቀድሞ ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ከአምስት ወር በፊት 58፣ ዛሬ 60፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ 61 ከሆነ፣ ይህ መስመር አልተንቀሳቀሰም። 60 ሆኖ ከሦስት ሰዓት በኋላ 95 ከሆነ ግን ኩላሊቱን ሰበብ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ጸንቶ የሚኖር ከፍተኛ ትሮፖኒንም ከንቱ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ወደፊት ለልብ ችግር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ይበልጣል። ለዛሬው ሌሊት ድንገተኛ አይደለም ማለት ብቻ ነው።

ውጤቶችን የሚያነጻጽር ሰው መጠንቀቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። አንዱ ላቦራቶሪ 0.06 ናኖግራም በሚሊሊትር ብሎ የሚጽፈውን ሌላው 60 ናኖግራም በሊትር ይለዋል፤ መጠኑ ያው ነው። የትሮፖኒን አይና የትሮፖኒን ቲ ቁጥሮች ደግሞ ጨርሶ አይወዳደሩም። የተለያዩ አምራቾች የትሮፖኒን አይ መለኪያዎችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ባንዱ “ሃርት አታክ ነው” ለማለት የሚያበቃ ቁጥር በሌላው ላይ አያበቃም። በአንድ ሆስፒታል የተለካ ሰው በሌላ ሆስፒታል ሲለካ ቁጥሩ ቢጨምር የጨመረው በሽታው ሳይሆን መለኪያው ሊሆን ይችላል። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚወሰደው ባዮቲን አንዳንድ መለኪያዎችን አሳስቶ ትሮፖኒንን ከእውነቱ በታች ያወርዳል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው መሞቱ እንደተነገረው ገልጿል። የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

አሁን የሕክምናው ዓለም ፊቱን ያዞረው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ከጥቂት ጠብታ ደም ውጤት ወደሚሰጡ ትንንሽ መሣሪያዎች ነው። ከእነዚህ ውስጥ የከፍተኛ ትብነት መስፈርቱን አሟልተው በደቂቃዎች ውስጥ መልስ የሚሰጡ አሉ። የሚያሳጥሩት ደሙ ተቀድቶ ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ነው። የተዘጋ ቧንቧ ያለበት ጡንቻ ትሮፖኒኑን የሚለቅበትን ጊዜ የሚያሳጥር መሣሪያ የለም፤ በአምቡላንስ ውስጥ፣ ሕመሙ በጀመረ በ40 ደቂቃ፣ ንጹሕ ቁጥር ያሳየ ሰው አሁንም ሆስፒታል ደርሶ ሁለተኛ ጊዜ መለካት ይኖርበታል።